ዘበኛው ኮምፒዩተርና የአያ ፈንታሁን እጅ

ዕቃ ሲበላሽ ሰው ቀድሞ የሚፈልገው ብልሽቱን ሳይሆን አበላሺውን ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ አንድ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሰማው የብርጭቆው ድምፅ ነው፤ ቀጥሎ የሚሰማው «ማነው እሱ?» የሚል ነው። ስብርባሪው የሚጠረገው አጥፊው ከታወቀ፣ ተቆጥተውትም ከበቃቸው በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው በባዶ እግሩ ቢረግጠውም ግድ የለም። አጥፊው ራሱ መርማሪው የሆነ እንደሆነ ደግሞ ምርመራው በጣም ይረዝማል። የእኔ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቷል። ይህን ያህል ከነገርኳችሁ ቀሪውን መገመት ትችላላችሁ፤ ግን አትገምቱ፣ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ትንፋሽ መናገር ይከብደኛል።

ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈራችን ኢንተርኔት የገባበት ቤት የእኔ ብቻ ነበር። የሒሳብ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤቱ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ልኮኝ ስመለስ የኮምፒዩተር ክፍሉን ቁልፍ ሰጠኝ፤ ሰፈሩ ደግሞ «ኢንጂነር» የሚል ማዕረግ ሰጠኝ። ማዕረጉን አልቀበልም አላልክም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ብያለሁ። ጉርሻ ሲዘረጋለት «ኧረ በቃኝ» እያለ አፉን እንደሚከፍት እንግዳ ነው እንጂ ያልኩት። ከዚያ በኋላ ሬዲዮው እምቢ ያለው፣ ሰዓቱ የቆመበት፣ የልጁ የፈተና ውጤት ያልገባው ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣ ጀመር። የማላውቀውን ነገር ስጠየቅ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ ዝም እላለሁ። ዝምታዬንም ሰዉ እንደ ዕውቀት እየቆጠረ ይመለስ ነበር።

አንድ ቀን መጽሔት ላይ ስለ ፋየርዎል አነበብኩ። ፋየርዎል ማለት በቤትህ ኮምፒዩተርና በውጭው ዓለም መካከል ቆሞ የሚገባውን የሚፈትሽ፣ የማያምነውን የሚመልስ ዘበኛ ነው ይላል ጸሐፊው። ያለ እሱ ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው አጥር በሌለው ግቢ ውስጥ ራቁቱን ቆሞ ገላውን እንደሚታጠብ ይቆጠራል ብሎም አስፈራራኝ። እኔ ደግሞ ራቁቴን መታየት አልፈልግም። ከፒያሳ አንድ አሮጌ፣ ግራጫ፣ ሲነሣ መላ ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥ ኮምፒዩተር ተሸክሜ መጣሁና ስልኩ አጠገብ አቁሜ ዘበኛ አደረግሁት። ስሙም በዚያው «ዘበኛው» ሆነ። ምን ይጠብቃል? የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና፣ የወንድሜን የሠርግ ፎቶዎችና ጀምሬ ያልጨረስኩትን የዝውውር ማመልከቻ ይጠብቃል። ባለቤቴ ትሁን ግን የግቢያችን በር መቀርቀሪያ ከተሰበረ ሁለት ዓመት እንደሆነው፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ በአፍንጫው እየገፋ እንደሚገባ አስታወሰችኝና፣ ዘበኛውን እዚያ ብታቆመው አይሻልም ወይ አለችኝ። ቴክኖሎጂ ያልገባው ሰው እንዲህ ነው ብዬ ሳቅሁ። መቀርቀሪያውንም አልሠራሁትም።

ዘበኛው ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው በስልክ መስመር ነበር። የስልኩ ሽቦ ሞደም ወደምትባል መዳፍ የምታህል ሣጥን ይገባል፤ ሞደሟ ደግሞ በወፍራም ገመድ ከዘበኛው ጀርባ ትሰካለች። ስትደውል አንገቷን እንደ ያዟት ዶሮ ነው የምትጮኸው። መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ዘበኛው ማንም ሳያዘው ራሱ መልሶ እንዲደውል አድርጌዋለሁ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ታዋርደኛለች።

እንግዲህ አንድ ሰሞን የስልኩ መስመር መንኮሻኮሽ ጀመረ። እንዲህ ሲሆን በሰፈራችን የሚጠሩት አያ ፈንታሁን ናቸው። ጡረታ ሳይወጡ በፊት የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበሩ። ከጎንደር እስከ አይከል ያለውን ምሰሶ ሁሉ ወጥተውበታል፤ የትኛው ላይ ንብ እንደ ሰፈረበት፣ የትኛው ክረምት በመጣ ቁጥር እንደሚያዘነብል ዛሬም ያውቃሉ። የጭልጋ ገጠር ሰው ስለሆኑ ደስ ያላቸው ነገር ሁሉ ሸጋ ነው፤ ሻዩም ሸጋ፣ ሽቦውም ሸጋ። ከጡረታ ወዲህ የሰፈሩን መብራት፣ የሰፈሩን የበር ደወል፣ የሰፈሩን ምድጃ ሶኬት ያበጃሉ። ሽቦ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፣ በመሐረብ ያደርቃሉ፣ ከዚያ መዳፋቸውን ገልበጥ አድርገው ያዩታል። ፒንሳ ከኮታቸው ኪስ አይለይም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚጠብቃቸው ሰው የለም፤ ከሰው ደጅ «አያ፣ እስቲ ይምጡልኝ» ተብለው ሲጠሩ ነው ቀኑ ቀን የሚሆንላቸው። ይህን እኔም አውቅ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ከአሥር ሰዓት በኋላ መጡ። እሳቸው ውጭ መሰላል ላይ ሆነው ሽቦውን ሲፈትሹ እኔ ቤት ውስጥ ዘበኛውን ሳጠናክር ነበር። መጽሔቱ «የማትጠቀምበትን በር ሁሉ ዝጋ» ብሎ መክሯላ! ኮምፒዩተር ሲነሣ፣ ገና ሥራ ሳይጀምር፣ ባዮስ የሚባል ሰማያዊ ገጽ አለው። እዚያ ገብቶ ከጀርባው ያሉትን መሰኪያዎች አንድ በአንድ መክፈትና መዝጋት ይቻላል። ዝርዝሩን ሳይ «ሲሪያል ፖርት አንድ»፣ «ሲሪያል ፖርት ሁለት» የሚሉ አገኘሁ። ሲሪያል ፖርት ምንድን ነው? ለተማሪዎቼ «የድሮ ማውስ መሰኪያ» ብዬ አስተምሬያለሁ፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬም አሳይቻለሁ። የድሮ ማውስ አለኝ? የለኝም። እንግዲያው ይዘጋ።

ይህን ጊዜ አያ ፈንታሁን እጃቸውን ታጥበው፣ በመሐረብ እያደረቁ ገቡና ከትከሻዬ በላይ ሰማያዊውን ገጽ ተመለከቱ። «ምነው ልጄ፣ ምኑን ነው የምትዘጋው?» አሉኝ። ወንበሬን ወደ እሳቸው አዞርኩና፣ አያ፣ አስተዋይ ሰው የማይጠቀምበትን በር ክፍት አይተውም፣ ሌባ የሚገባው በረሱት በር ነው እያልኩ አንድ ክፍለ ጊዜ የሚያህል ማብራሪያ ሰጠሁ። አያ ፈንታሁን በትዕግሥት ሰሙኝ። «ሸጋ ነው» አሉ፤ ጥቂት አሰብ አደረጉና «በዚያ በር የሚመጣ እንግዳ ግን የለህም?» ብለው ጠየቁኝ። ለደካማ ተማሪ የማሳየውን ፈገግታ አሳየኋቸውና ሁለቱንም ዘጋሁ። ከዚያ እሳቸው የስልኩን ሽቦ ሞደሟ ላይ ሰክተው፣ ስልኩን አንሥተው አሰሙኝ፤ መንኮሻኮሹ ጠፍቶ ድምፁ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቷል። እኔም ዘበኛውን ደውል አልኩት። ሲሪያል ፖርት አልተገኘም አለኝ።

እናንተ አሁን ገብቷችኋል። ከእናንተ መካከል ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ገብቶታል። እኔ ግን ሠልጥኛለሁ።

ከዚያች ረቡዕ ጀምሮ ያላደረግሁት ነገር የለም። ገመዱን ቀየርኩ። የትምህርት ቤቱን ሞደም ተውሼ በባጃጅ አቅፌ አመጣሁ። ዘበኛውን ፈትቼ አቧራውን በብስክሌት መንፊያ አስወጣሁ፤ አቧራው ከእሱ ወጥቶ ትሁን ያጠበችው መጋረጃ ላይ አረፈ። ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፣ ሳይሆን ሲቀር እንደገና አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። የመሰኪያዎቹን እሾሆች በአልኮልና በጥጥ ወለወልኩ። የሚያበሳጨው ነገር መሰኪያዎቹ በዓይን ይታያሉ። ከጀርባው ተንበርክኬ አያቸዋለሁ፤ ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ዘጠኝ እሾህ አላቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። ዘበኛው ግን እንዲህ ያለ ነገር በአካሌ ላይ የለም ብሎ ድርቅ አለ። ከአንድ ግራጫ ሣጥን ጋር ስለ ራሱ ጀርባ ስከራከር ትሁን በበሩ ብቅ ብላ አይታኝ ተመለሰች።

ብልሽቱ ሲጠፋብኝ ወደ አበላሺው ዞርኩ። መጨረሻ የነካው ማነው? አያ ፈንታሁን። ወዲያው አንድ መላምት አበጀሁ። ስልክ ሲጠራ በሽቦው ውስጥ ኃይል ይመጣል፤ አያ ፈንታሁን ሽቦውን ሲሰኩ ያ ኃይል በሞደሟ አልፎ የዘበኛውን ጀርባ አቃጥሎታል። በዚያች ሰዓት ስልኩ ጠርቶ ነበር? አልጠራም። ይሁን እንጂ መላምቱ ያምር ነበር፤ አንዳንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሲጨመርበትማ በጣም ያምር ነበር።

ለትሁን ነገርኳት። «አያ ፈንታሁን? እጃቸውን ታጥበው?» አለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። በማግሥቱ ግን ጎረቤታችን እትዬ አበቡ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ለልጃቸው ሠርግ አንድ ክፍል ጨምረው እየሠሩ ነበር። ለመብራቱ ሥራ አያ ፈንታሁንን ልጠራ ነው፣ ኢንጂነር ምን ትላለህ አሉኝ። ምን አልኩ? አይጥሯቸው አላልኩም። እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ኧረ እኔ ምንም አልልም፣ ብቻ የእኔ ኮምፒዩተር በእሳቸው እጅ ነው የተቃጠለው፣ መቼም ዕድሜም አለ፣ አልኩና በኀዘን ራሴን ነቀነቅሁ። እትዬ አበቡ በደረታቸው ላይ እጃቸውን አደረጉ። በሦስተኛው ቀን ሰፈሩ ውስጥ አያ ፈንታሁን ምንም ነገር እንዳይነኩ የሚል ወሬ ገባ። «ምንም እንዳይነኩ» የምትለዋን ቃል እኔ አላልኳትም፤ እኔ ባበሰልኩት ላይ ሰው ጨው ጨመረበት እንጂ። ከዚያ ወዲያ አያ ፈንታሁን በደጃችን ሲያልፉ አያቸዋለሁ። ሰላምታቸው እንደ በፊቱ ነው። የኮታቸው ኪስ ግን ባዶ ነበር፤ ፒንሳው የለም። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መብራት ጠፍቶ መጣ። ዘበኛው ሲነሣ ቀኑን ረስቶ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ አገኘሁት። ቀኑን ለማስተካከል ደግሞ ወደ ሰማያዊው ገጽ መግባት ያስፈልጋል። ገባሁ። ቀኑን ስፈልግ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ አረፈ። ሲሪያል ፖርት አንድ፦ ዝግ። ከሥሩ፣ ሲሪያል ፖርት ሁለት፦ ዝግ። የሞደሟ ወፍራም ገመድ የተሰካው ደግሞ አንደኛው ላይ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ዞር ብሎ ሰው እንዳለ ማየት ነበር። ትሁን ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብስ ታጥፋለች። ቶሎ ብዬ ሁለቱንም ከፈትኩ። ዘበኛው ተነሣ፣ መሰኪያውን አገኘ፣ የሞደሟ መብራቶች በሩ፤ የአሥራ አንድ ቀን ሥራ የጫማ ማሰሪያ ለማሰር የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልወሰደም። ደስ አለኝ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል። ከዚያ «በዚያ በር የሚመጣ እንግዳ ግን የለህም?» የሚለው የአያ ፈንታሁን ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ደወለ። የሞደም ስም የማያውቁ ሽማግሌ፣ እኔ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ በሩን ልዘጋ ስል ጠይቀውኛል። ፊቴ ጋለ። ጆሮዬም ጋለ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት አፍሬ አላውቅም ልል ነበር፤ ግን ገና ይቀጥላል። ለማንኛውም ሄጄ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። እውነቴን ነው፣ ጫማዬን ማድረግ ጀምሬ ነበር። አንደኛውን አስሬ ሁለተኛውን ሳልጀምር ከውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መቀርቀሪያ የሌለው በራችንም ተገፋ።

የገቡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሐጂ ሰዒድ፣ ፒያሳ ከአያታቸው በወረሱት ሱቅ ጨርቅ የሚነግዱ፣ የሰፈራችን እድር ሊቀ መንበር። ሁለተኛው መሪጌታ ሀብቴ፣ የእድሩ ጸሐፊ። ነጭ ለብሰዋል። ወንበር ሳቀርብላቸው አልቀመጥም አሉ፤ ያን ጊዜ ገባኝ። ሽማግሌ ሆነው ነው የመጡት። ሽማግሌ የመጣበትን ካላገኘ አይቀመጥም፣ እህል ውኃም አይቀምስም። ሐጂ ሰዒድ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ አያ ፈንታሁን ልከውናል አሉ። «እጄ ቢያጠፋ ነው እንጂ ልጄ ያለ ነገር አይናገርም፤ አስታርቁኝ» ብለዋል፤ አሁንም ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ፤ አንተም ለእኛ ስትል ይቅር በል አሉኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። አንድ እግሬ ጫማው ታስሯል፣ አንዱ አልታሰረም። «እኔ ነኝ የዘጋሁት» የምትል ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ አለች፤ አጭር ናት፤ ልጅ እንኳ ይላታል። ነገር ግን ሁለት የተከበሩ ሰዎች ነጭ ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው እኔን ሲለምኑ፣ ኢንጂነሩን ሲለምኑ፣ እንዴት ብዬ ልበላት? ይሉኝታ ያዘኝ። ይሉኝታ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ልመናው ትንሽ ጣፍጦኛል። ኧረ ይቀመጡ አልኩ። ቃል ካልሰጠኸን አንቀመጥም አሉ። ኧረ በእግዚአብሔር አልኩ። አንቀመጥም አሉ። በመጨረሻ «ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ትሁን ልብስ ማጠፏን አቆመች።

አያ ፈንታሁንን ጠሯቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡና እንደ ወጉ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ እኔም እንደ ወጉ ብድግ ብዬ ያዝኳቸው። «እጄ አጥፍቶ ከሆነ ይቅር በለኝ ልጄ» አሉኝ። አሁን የምጽፈውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። «ችግር የለም አያ» አልኳቸው፤ «ሰው ነዎት፣ ሰው ይሳሳታል»።

ልክ በዚህች ጊዜ ሞደሟ ጮኸች። መስመሩ ተቋርጦ ዘበኛው በራሱ ሥልጣን ይደውል ጀመር ማለት ነው። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሞታለች የተባለችው ሞደም፣ አራት ሰዎችና ባለቤቴ ባሉበት ክፍል ውስጥ፣ መብራቶቿን ሁሉ አብርታ፣ የቆየባትን ጩኸት ሁሉ በአንድ ጊዜ ለቀቀችው። ጩኸቷ አለቀ። ከዚያ መሪጌታ ሀብቴ ሁለት እጃቸውን ወደ ጣራው አነሡና «ዕፁብ ድንቅ! እርቅ ሲወርድ ግዑዙም ዘመረ!» አሉ። ሐጂ ሰዒድ ደግሞ «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ፤ የሚያዩት ግን ሞደሟን አልነበረም፣ ያልታሰረውን ጫማዬን ነበር። እኔ ምን አልኩ? ይገርማል አልኩ። አያ ፈንታሁን የሞደሟን መብራቶች ጎንበስ ብለው እያዩ «ሸጋ ድምፅ አላት» አሉ። ትሁን ዳቦና ሻይ አቀረበች፤ ሲጠጡ ቆይተው መርቀውኝ ሄዱ።

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ይቅርታ መቼም ጥሩ ነገር ነው፤ ይቅር የሚባል ጥፋት ያስፈልገዋል እንጂ። ከእርቁ በፊት የአያ ፈንታሁን ጥፋት የእኔ ሐሜት ብቻ ነበር። ከእርቁ በኋላ ግን ምስክር ያለው፣ ሽማግሌ የተላከበት፣ የታመነበት ጥፋት ሆነ። እትዬ አበቡ ለመብራቱ ከሌላ ሰፈር ሰው ጠሩ። ለምን ስላቸው፣ ሳያጠፋ ማን ይቅርታ ይጠይቃል አሉኝ። መልሱ እኔ ዘንድ ነበር። በአንዲት ቃል ስማቸውን ልመልስላቸው የምችል ሰው ከእኔ በቀር የለም፤ እኔ ደግሞ አጥሩ ሥር ቆሜ፣ የማላውቀው ሰው አያ ፈንታሁን ሊሠሩት የሚገባ ቤት ላይ ሽቦ ሲጎትት አያለሁ።

ሰኞ ዕለት አያ ፈንታሁን መዶሻና ምስማር ይዘው መጡ። ለካሳ ነው አሉ። ያቃጠልኩትን መተካት ባልችል የግቢህን በር ላብጅልህ አሉኝ። እምቢ ብል እምቢ አሉ። እጃቸውን ታጥበው፣ ለመቀርቀሪያ እንኳ ታጥበው፣ ሁለት ዓመት የቆየውን ሥራ በአንድ ጠዋት ጨረሱት። ከዚያ በሩን ዘግተው ከፍተው እያሳዩኝ፣ ሲዘጋ ይዘጋል፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ይከፈታል አሉኝና ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። ትሁን ቆማ ትሰማ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን በማዕረጌ ጠርታኝ የማታውቅ ሴት፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ «ኢንጂነር፣ ምሳ ቀርቧል» ትለኝ ጀመር።

እሑድ የእድር ስብሰባ ነበር። ከስብሰባው በፊት ሐጂ ሰዒድን የምናገረው ነገር አለኝ ብዬ አስፈቀድኩ። ሙሉ አዳራሽ ነው። አያ ፈንታሁን ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ተነሣሁ። ስለ ሲሪያል ፖርት ምንነት ስጀምር ሐጂ ሰዒድ ወደ ፍሬ ነገሩ ግባ አሉኝ። ገባሁ። አያ ፈንታሁን ምንም አላጠፉም አልኩ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌ ሲመጣብኝ አውቅ ነበር፤ እያወቅሁ ይቅር አልኳቸው። ዓይኔ እንባ ቋጠረ። እንዲህ ሲሆን ሰው ምን እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ? አዳራሹ ጸጥ ይላል፣ አንድ ሰው «አይዞህ» ይላል፣ ሌላው «ወንድ ነህ» ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሐጂ ሰዒድ ከአጀንዳው ወረቀት ላይ ቀና እንኳ ሳይሉ «የታወቀ ነው» አሉ፤ «ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ»።

ከመቼ ጀምሮ ነው የታወቀው ብዬ ጮኽኩ። መሪጌታ ሀብቴ ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ ከጥንቱ ነው አሉኝ። አንተ ቤት ከመምጣታችን በፊት አያ ፈንታሁን በሩን በዓይናቸው ፊት ስትዘጋ እንዳዩህ ነግረውናል። ሞደሟ ስትጮህ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነው እጄን ወደ ላይ ያነሣሁት አሉ። ወደ አያ ፈንታሁን ዞርኩ። ታዲያ ለምን ሽማግሌ ላኩብኝ አልኳቸው። እሳቸው መዳፋቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። «ምነው፣ ምን ላድርግ?» አሉ። «ብቻህን ብጠይቅህ ትክደኛለህ፤ አንዴ ከካድክ ደግሞ መመለሻው ይጨንቅሃል። ሰው ፊት ወድቄ ይቅርታ ስጠይቅህ ትናገራለህ ብዬ ነው።» ከዚያ ጨመሩ፦ «ይቅር ትለኛለህ ብዬስ አላሰብኩም ነበር።»

አዳራሹ እንዴት እንደ ሳቀ አልነግራችሁም። ያልሳቁት እትዬ አበቡ ብቻ ነበሩ። ለእሳቸው ማንም አልነገራቸውም። ተነሥተው፣ ምነው፣ እኔስ ምን በድዬህ ነው አሉ። ከሌላ ሰፈር የመጣው ሰው የሠራው መብራት ምድጃ በተሰካ ቁጥር ይጠፋል፤ ሠርጉ ደግሞ ደርሷል። በዚያው ስብሰባ ላይ የእትዬ አበቡ ክፍል፣ ቀጥሎም የእድሩ አዳራሽ መብራት በአያ ፈንታሁን እጅ እንደገና እንዲሠራ ተወሰነ። አያ ፈንታሁን ግን ዕድሜዬ ስለገፋ መሰላል የሚይዝልኝ ሰው ስጡኝ አሉ። ሐጂ ሰዒድ አዳራሹን በዓይናቸው አልዞሩም፤ በቀጥታ እኔን አዩኝ። እኔም እሺ አልኩ። እትዬ አበቡ ማሻሻያ አለኝ ብለው እጃቸውን አነሡ፤ ማሻሻያው ያለ ተቃውሞ ጸደቀ።

ሠርጉ አለፈ፣ ሚሊኒየሙም አለፈ፤ አያ ፈንታሁን ፒንሳቸውን በኪሳቸው ይዘው ከደጅ ደጅ ሲሄዱ እኔ መሰላሉን ተሸክሜ ከኋላ እከተላለሁ። ውሳኔው ዛሬም በእድሩ መዝገብ ላይ አለ፤ አልተሻረም። መሪጌታ ሀብቴ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ብለው አስፍረውታል፦ «ኢንጂነሩ መሰላሉን ይያዝ፤ ሌላ ግን ምንም ነገር እንዳይነካ።»